የአውሮፕላን ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም፦ ስለ ብረት ድካም፣ ስለ ስንጥቅና ስለ ክፉ ጥገና

ሩቅ አገር ሊሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «አውሮፕላኑ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ነው። አዲስ ከሆነ ልቡ ያርፋል፤ ሃያ ዓመት ሞልቶታል ከተባለ ፊቱ ይለወጣል። አውሮፕላን የሚጠግን ሰው ግን ዓመቱን አያስቀድምም። መጀመሪያ የሚያየው ስንት ጊዜ ተነስቶ እንዳረፈ ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ደግሞ ከዚህ በፊት ተጋጭቶ ወይም ጭራው መሬት ነክቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ነክቶም ከሆነ ማን እንደጠገነውና እንዴት እንደጠገነው ነው። በአቪዬሽን ታሪክ እጅግ ብዙ ሰው ያለቀበት የአንድ አውሮፕላን አደጋ የመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ እደርስበታለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሳትና ማረፍ ለምን ይቆጠራል? አውሮፕላን ወደ 10 እና 11 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የውጭው አየር ሰው ሊኖርበት የማይችል ስስ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ካቢኑ አየር እየተጨመቀ ይገባል። ደንቡ የካቢኑ አየር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር የበለጠ እንዲሳሳ አይፈቅድም። ቦሌ አየር ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ሰው በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው የለመደውን አየር ነው ማለት ይቻላል። ጆሮው የሚደፈነው ዱባይ ሲወርድ ነው።

ይህ ውስጥ የታመቀ አየር ገላውን ወደ ውጭ ይገፋል። ግፊቱ በየአንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ቶን በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የአሉሚኒየም ላሜራ በአንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሥሩ ቀለበቶችና ቁመታዊ አግዳሚዎች ስላሉ ብቻውን አይደለም፤ ቢሆንም ዋናው ተሸካሚ እሱ ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ ላሜራው በጥቂቱ ይወጠራል፣ ሲወርድ ይላላል። ይህን አንድ ዙር ባለሙያዎቹ «ሳይክል» ይሉታል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄድ አውሮፕላን በአንድ ጉዞ ከግማሽ ቀን በላይ አየር ላይ ይቆይና የሚመዘገብበት ሳይክል አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት በማይሞላው የባሕር ዳር መስመር ላይ የሚመላለስ ዳሽ 8 ግን በአንድ ቀን ውስጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊያስመዘግብ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ዓመት ቢሠሩም አብረው አያረጁም።

ሰው ፒንሳ አጥቶ ሽቦ መቁረጥ ሲፈልግ ወዲያና ወዲህ ያጣጥፈዋል። ጎትቶ ሊበጥሰው የማይችለውን ሽቦ ደጋግሞ ሲያጥፈው በእጁ ይቀራል። የብረት ድካም የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ቢመጣ ምንም የማያደርግ ጭነት ተደጋግሞ ሲመጣ ይሰብራል። ልዩነቱ የአውሮፕላን ላሜራ መወጠርና መላላት በዓይን የማይታይ መሆኑና ለመበጠስም አስር ጊዜ ሳይሆን አስር ሺዎች ጊዜ የሚወስድ መሆኑ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ በሥርዓት ያጠኑት የባቡር ሰዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከል አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ደህና የሚመስሉ የባቡር አክሰሎች ድንገት ለምን እንደሚሰበሩ ለማወቅ ደጋግሞ የሚጭን መሣሪያ ሠርቶ ሲፈትናቸው ቆየ። ያገኘው ውጤት ለብረት ጥሩ ዜና ነበር፤ ጭነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ የብረት ዘንግ ሚሊዮን ጊዜ ቢመላለስበትም አይደክምም። አሉሚኒየም ግን ይህ ዕድል የለውም። ጭነቱ የቱንም ያህል ቢቀንስ፣ በቂ ጊዜ ከተደጋገመ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። አውሮፕላን ደግሞ ቀላል መሆን ስላለበት ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሠራው በአሉሚኒየም ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይሰነጠቃል አይሰነጠቅም የሚል ሆኖ አያውቅም። ጥያቄው መቼ ይሰነጠቃል፣ የት ይሰነጠቃል፣ ማንስ ቀድሞ ያየዋል የሚለው ነው።

የት እንደሚሰነጠቅ በአብዛኛው ይታወቃል። ግፊቱ በላሜራው ውስጥ ሲተላለፍ ቀዳዳ ካጋጠመው ዙሪያውን ዞሮ ለማለፍ ስለሚገደድ ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ የሪቬት (ላሜራዎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሚስማር መሰል ማያያዣ) ቀዳዳ፣ የመስኮትና የበር ማዕዘን፣ ዝገት የበላው ነጥብ፣ ጥፍር የማይዘው ጭረት ሁሉ ለስንጥቅ መነሻ ናቸው። ስንጥቁ በመጀመሪያ በየበረራው በሺህኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ እድገት ነው የሚያሳየው። እየረዘመ ሲሄድ ይፈጥናል። የሆነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ደግሞ ዝግታው ያበቃና በአንድ ጊዜ ይተረተራል። ከተሰበረ በኋላ ብረቱ ራሱ ይመሰክራል፦ የስብራቱን ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያይ መርማሪ እርስ በርስ የተጠጋጉ ጥቃቅን መስመሮች ያገኛል። ብዙውን ጊዜ አንዷ መስመር አንድ በረራ ናት። መስመሮቹን ቆጥሮ ስንጥቁ ስንት በረራ እንደተጓዘ ይገምታል።

ይህ እውቀት ግን በነፃ አልተገኘም። የመጀመሪያው የጄት መንገደኛ አውሮፕላን፣ የእንግሊዞቹ ደ ሃቪላንድ ኮሜት፣ ሜይ 2 ቀን 1952 ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ ሥራ ጀመረ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ከሮም የተነሳ አንድ ኮሜት ኤልባ ደሴት አጠገብ ሰማይ ላይ ተበታትኖ 35 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኖቹ ታገዱ፣ ሊሆን ይችላል የተባለው ሁሉ ተሻሻለ፣ ማርች 23 ቀን በረራ ቀጠለ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 8 ቀን፣ ሌላ ኮሜት ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ በተመሳሳይ መንገድ ጠፋ፤ 21 ሰዎች አለቁ።

እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ያሉ መርማሪዎች አንድ ሙሉ ኮሜት ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገቡና ውስጡን በውኃ ግፊት እየወጠሩ እያላሉ በረራን ያስመስሉ ጀመር። አየር ያልተጠቀሙት አየር ተጨምቆ ከቆየ በኋላ ሲፈታ ስለሚፈነዳ ነው። ውኃ አይጨመቅም፤ ገላው ሲቀደድ ፍንዳታ ስለማይኖር የተቀደደው ቦታ ሳይበታተን ይገኛል። አውሮፕላኑ ቀድሞ የበረረው 1,221 ጊዜ ተደምሮ በ3,057ኛው ዙር ላይ ተቀደደ። ኤልባ ላይ የወደቀው 1,290 ጊዜ፣ ሁለተኛው 900 ጊዜ ነበር የበረሩት።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ፋብሪካው ራሱ ቀደም ብሎ ያደረገው ፈተና ነው። ደ ሃቪላንድ ድካምን ችላ አላለም፤ የገላውን ክፍል ፈትኖ 16,000 ዙር ገደማ እንደሚችል አይቷል። ችግሩ ያንኑ ክፍል አስቀድሞ ከሥራ ግፊቱ እጥፍ በሚሆን ግፊት ወጥሮት ነበር። አሉሚኒየም እንዲህ ከልክ በላይ አንዴ ሲወጠር በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ያለው ብረት ተስቦ ይቀርና፣ ግፊቱ ሲነሳ በዙሪያው ባለው ብረት ተጨምቆ ይኖራል። ያ መጨመቅ ስንጥቅ እንዳይጀምር ይከላከላል። ስለዚህ የተፈተነው ዕቃ ሳያውቁት ተጠናክሮ ነበር፤ መንገደኛ የሚጭኑት ኮሜቶች ግን ያንን አላገኙም። «መስኮቱ አራት ማዕዘን ስለነበረ ነው» የሚለው በየቦታው የሚነገር ታሪክም ትንሽ እርማት ይፈልጋል። ኤልባ ላይ የወደቀው ስንጥቁ የጀመረው ለሬዲዮ አንቴና ተብሎ ጣሪያው ላይ ከተቆረጠ ክፍተት ማዕዘን፣ ከአንዲት ሪቬት ቀዳዳ ዳር ነው።

በሳይክልና በሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ከሃዋዩ አሎሃ አየር መንገድ በረራ 243 የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ኤፕሪል 28 ቀን 1988፣ የ19 ዓመት ቦይንግ 737 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ 95 ሰው ይዞ ሲበር፣ 24,000 ጫማ ላይ ከጣሪያው 5 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። መንገደኞቹ ሰማይ ከላያቸው ሆኖ ቀበቷቸው ላይ ቀሩ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በነፋሱ ተወስዳ ሞተች፤ 65 ሰዎች ቆሰሉ፤ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ማዊ ደሴት ላይ አሳረፉት። 737 ሲሠራ የታሰበለት 51,000 የበረራ ሰዓትና 75,000 ሳይክል ነበር። ይህኛው የበረረው 35,496 ሰዓት ብቻ ነው፤ በሰዓት ቢቆጠር ገና ብዙ ይቀረዋል። የተነሳውና ያረፈው ግን 89,680 ጊዜ ነበር። በደሴቶች መካከል እየተመላለሰ፣ አንዱ በረራ በአማካይ 24 ደቂቃ።

ድካሙ ብቻውን አልገደለውም። ሁለት ላሜራዎች ተደራርበው በሚጋጠሙበት መስመር በሙጫ ይያያዙና በሦስት ረድፍ ሪቬት ይመታሉ። በሃዋይ እርጥበትና ጨው ሙጫው ለቀቀ፣ መካከሉ ዛገ፣ ሙጫው ይሸከም የነበረው ሁሉ ወደ ሪቬቶቹ ሄደ። የሪቬቱ ራስ ከላሜራው ጋር እኩል እንዲሆን ቀዳዳው አፉ ላይ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚፈለፈለው፤ በቀጭን ላሜራ ላይ ይህ የቀዳዳውን ጠርዝ እንደ ምላጭ ያሳሳዋል። ከብዙ ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ ትንንሽ ስንጥቆች ተነሱ። አንዱ ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ያለው ጤነኛ ብረት ይይዘው ነበር። እዚህ ግን ጤነኛው ብረት ራሱ ተሰንጥቋል፤ ተያያዙና እንደ ዚፕ ተከፈተ። አንዲት መንገደኛ ሲሳፈሩ በበሩ አጠገብ ስንጥቅ አይተው ለማንም ሳይናገሩ እንደገቡ በኋላ ለመርማሪዎች ተናግረዋል።

አሁን ወደዚያ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ።

ጁን 2 ቀን 1978 አንድ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ኦሳካ ሲያርፍ አፍንጫውን ከልክ በላይ አንስቶ ጭራው መንደርደሪያውን መታው። የተጎዳው ከኋላ ያለው ግፊት መካች ግድግዳ ነበር። ይህ ግድግዳ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነው፤ ከፊቱ መንገደኞች የሚተነፍሱት የታመቀ አየር፣ ከጀርባው ባዶ ጭራ አለ። የቦይንግ ሠራተኞች መጥተው የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ በአዲስ ተኩና ከአሮጌው የላይኛው ግማሽ ጋር አጋጠሙት። በመጋጠሚያው አንድ ክፍል ላይ ግን የሁለቱ ጠርዝ ልክ አልመጣም፤ ሪቬቱ ለዳሩ በጣም ቀረበ። መፍትሔው በሥዕል ተሰጥቶ ነበር፦ በሁለቱ መካከል አንድ ወጥ ማያያዣ ላሜራ ይገባል፣ ጭነቱም በሁለት ረድፍ ሪቬት በላሜራው በኩል ይተላለፋል። የተሠራው ግን ሌላ ነው። ማያያዣው ለሁለት ተቆርጦ ገባ። ሁለት ቁራጭ ሲሆን ደግሞ ከላይ ወደ ታች ጭነት የሚያሻግረው አንድ ረድፍ ሪቬት ብቻ ሆነ። ክፍተቱ በማሸጊያ ስለተሞላ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራው ንጹሕ ነበር። በመርማሪዎቹ ስሌት ጥንካሬው በትክክል ከተሠራ መጋጠሚያ ወደ 70 በመቶ ወረደ።

70 በመቶ በቂ ይመስላል፤ አውሮፕላኑም ወዲያው አልወደቀም። ሰባት ዓመት፣ 12,319 በረራ ሠራ። ከዚህ ላይ አውሮፕላኑ የጃፓን አጫጭር የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠራ ስለነበር ሳይክሉ በፍጥነት ይጠራቀም ነበር። ኦገስት 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ ሃኔዳ 524 ሰው ይዞ ተነሳ። ከ12 ደቂቃ በኋላ፣ 24,000 ጫማ ላይ፣ ያ አንድ ረድፍ ተተረተረ። የታመቀው አየር ወደ ጭራው ሮጦ ገብቶ አብዛኛውን የጭራውን ቋሚ ክንፍ ገንጥሎ ጣለ፣ በዚያ የሚያልፉትን አራቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች (መሪውን በፈሳሽ ግፊት የሚያንቀሳቅሱትን ቧንቧዎች) ቆረጠ። 747 አራት የተለያዩ የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች የተሰጡት አንዱ ወይም ሁለቱ ቢጠፉ እንኳ እንዲበር ነው። አራቱም በአንድ ቦታ ካለፉ ግን አራት መሆናቸው አይረዳም። አብራሪዎቹ መሪ በሌለው አውሮፕላን፣ የሞተሩን ኃይል እየጨመሩና እየቀነሱ ብቻ፣ 32 ደቂቃ ያህል ታገሉ። በጉንማ ተራራ ላይ ወደቀ። 520 ሰዎች ሞቱ፤ አራት ሴቶች ተረፉ።

በዚህ አደጋ ላይ የብረት ድካም ጥፋተኛ ነው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ብረቱ የተሰጠውን ያህል ሠራ። ስህተቱ አንድ ቀን የተቆረጠ አንድ ማያያዣ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በምርመራ ሳይገኝ የቀረውም ማንም ሥዕሉን ከተሠራው ሥራ ጋር ስላላስተያየ ነው።

ያው ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ። የቻይና አየር መንገድ (ታይዋን) 747 ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ጭራው ተጫረ። የጥገና መመሪያው የተጫረውን ላሜራ ቆርጦ ማውጣት ወይም ጭረቱን በሚፈቀደው መጠን ማጥፋት ይጠይቃል። የተደረገው ግን በጭረቱ ላይ ሌላ ላሜራ መለጠፍ ነበር። ልጣፉ ቁስሉን ከዓይን ሸፈነው፤ ስንጥቁ ከሥሩ ለ22 ዓመታት አደገ። ሜይ 25 ቀን 2002 ከታይፔ ወደ ሆንግ ኮንግ ከተነሳ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሰማይ ላይ ተበታተነ፣ 225 ሰዎች አለቁ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ቀደም ብሎ የዲዛይን አስተሳሰብን የቀየረ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አፍሪካ ውስጥ ደርሷል። ሜይ 14 ቀን 1977 የዳን ኤር 707 የጭነት አውሮፕላን ሉሳካ ሊያርፍ ሲቃረብ የጭራው ቀኝ አግድም ክንፍ ተገንጥሎ በውስጡ የነበሩት ስድስት ሰዎች ሞቱ። እስከዚያ የነበረው እምነት አንዱ ተሸካሚ ቢሰበር ሌላው ይይዛል የሚል ነበር። ሉሳካ ላይ ዋናው ተሸካሚ አስቀድሞ ተሰብሮ ነበር፤ የመሰበሩ ነገር ግን በተለመደው ምርመራ አልታየም፣ ተተኪውም ብቻውን ብዙ መሄድ አልቻለም። ተተኪ መኖሩ የሚጠቅመው የፊተኛው መሰበሩን የሚያይ ሰው ካለ ነው። በ1978 የአሜሪካ ደንብ በዚህ መንፈስ ተለወጠ። አምራቹ ከእንግዲህ «አይሰነጠቅም» ብሎ አይምልም። ስንጥቅ አለ ብሎ ይነሳል፣ በስንት በረራ ምን ያህል እንደሚያድግ ያሰላል፣ አደገኛ ርዝመት ላይ ሳይደርስ እንዲገኝ የምርመራውን ጊዜ ይቆርጣል። ከአሎሃ በኋላ ደግሞ በ2010 ሌላ ተጨመረ፦ ትልልቅ አውሮፕላኖች አምራቹ በማስረጃ ሊቆምላቸው የሚችል የሳይክል ወይም የሰዓት ጣሪያ እንዲወሰንላቸው፣ ያንን ካለፉም እንዳይበሩ።

ለዚህ ነው ከባድ ጥገና የገባ አውሮፕላን ሀንጋር ውስጥ አስቀያሚ የሚሆነው። ወንበሩ ይነሳል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ የግድግዳው ሽፋን ይወልቃል፣ አጥንቱ ይቀራል። ቴክኒሻኑ እርሳስ የምታክል መመርመሪያ ይዞ በየሪቬቱ ዙሪያ ያዞራል። መሣሪያው በላሜራው ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሳል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ጅረቱ መንገድ ይቀይርና ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል። ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ፣ ሌላ ቦታ ኤክስሬይ፣ ሌላ ቦታ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ የሚያበራ ቀለም ይጠቀማሉ። አሰልቺ ሥራ ነው። ሺህ ሪቬት ምንም ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ሺህ አንደኛውም እንደ መጀመሪያው በጥንቃቄ መታየት አለበት።

አዲሶቹ አውሮፕላኖች ይህን ታሪክ በከፊል ይለውጡታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 በክብደቱ ግማሽ ያህሉ በካርቦን ክርና በሙጫ የተሠራ ነው። ይህ ነገር እንደ አሉሚኒየም አይደክምም፣ አይዝግም። ስለዚህ የካቢኑን ግፊት ከፍ ማድረግ ተችሏል፤ 787 ውስጥ ያለው አየር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አየር ነው፣ የባሕር ዳር ማለት ነው። ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ ሰማይ እየወጣ አየሩ ይወፍርለታል።

ሲጎዳ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጁላይ 12 ቀን 2013 ለንደን፣ ሄትሮ አየር ማረፊያ ላይ ሰው ሳይኖርበት የቆመው የኢትዮጵያ 787፣ «ንግሥተ ሳባ»፣ ከቋሚ ክንፉ ፊት ለፊት ጣሪያው ላይ ተቃጠለ። መነሻው የአደጋ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ባትሪ ነበር፤ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ሾርት አድርገዋል። ተቃጥሎ የተጎዳውን የገላ ክፍል ቦይንግ እዚያው ሄትሮ ላይ ጠገነና አውሮፕላኑ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ በረራ ተመለሰ። ያን ያህል የተጎዳ የካርቦን ገላ ሲጠገን ብዙ ሰው በጥያቄ ዓይን ይመለከት ነበር።

እሳት ቢያንስ ይታያል። የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። በዲሴምበር 26 ቀን 2005 ሲያትል ላይ አንድ የጭነት ሠራተኛ በመኪናው የአላስካ አየር መንገድን ኤም ዲ 83 ገጭቶ ሳይናገር ቀረ። አውሮፕላኑ 26,000 ጫማ ሲደርስ የተገጨው ቦታ ተበሳ፣ አየሩ አመለጠ፣ አብራሪዎቹ ተመልሰው በሰላም አሳረፉት። ያ ገላ አሉሚኒየም ነበር፤ የተገጨ አሉሚኒየም ይሰረጉዳል፣ የሚዞር ሰው ካለ ያየዋል። የተገጨ ካርቦን ግን ወደ ቦታው ተመልሶ ቀለሙ እንኳ ሳይላጥ ውስጡ ያሉት ንብርብሮች ሊላቀቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሻንጣ፣ የምግብ ወይም የነዳጅ መኪና አውሮፕላን ከነካ፣ ምልክት ቢኖርም ባይኖርም፣ ሾፌሩ እንዲናገር ይጠበቃል፤ ከተናገረ በኋላም የተነካው ቦታ ተመርምሮ ካልተፈቀደ በረራው አይነሳም። መንገደኛው «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» የሚለውን ማስታወቂያ ሰምቶ ከሚበሳጭባቸው መዘግየቶች አንዳንዶቹ እነዚህ ናቸው።